አምሐ ያሸነፈ ዕለት

ከሐይቁ ዳር እስከ መሸንቲ ድረስ ገና ሲጫወቱ አምሐን ቀድሞ ሩር የመታ አልነበረም። ጣሊያን ባሕር ዳርን ይዞ ወታደሮቹ ሜዳ ላይ ኳስ ሲራገጡ ቆሞ አየና «ይህማ ዱላ የሌለው ገና ነው!» ብሎ ሳቀ። ሳምንት ሳይሞላው ከመካከላቸው ገብቶ ያተራምሳቸው ጀመር። በዚያ አገር ከእሱ በፊት ኳስ የተጫወተ ሰው የለም። ምን ያደርጋል፣ እሱም ባይጫወት ይሻለው ነበር።

ታላቅ ወንድሙ ወልደ ዮሐንስ አርበኞችን በታንኳ ሲያሻግር ተይዞ ታስሯል። የጦር ሰፈሩ አዛዥ፣ አንድ ቦርጫም ሻምበል፣ አምሐን አስጠራና በአስተርጓሚው በአካሉ በኩል «ከጎርጎራ የሚመጡትን ወታደሮች በኳስ ካሸነፍህልኝ ወንድምህን እፈታልሃለሁ» አለው።

«ይማሉልኝ» አለ አምሐ።

ሻምበሉ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ማለ።

እሑድ ዕለት ገጠሙ። አምሐ ባለጫማዎቹን እያጠፈ እያለፈ ሁለት አገባ፤ እነዚያ ምንም። ጨዋታው ሲያልቅ ወልደ ዮሐንስን ሊያስረክቡት አምጥተው ከሜዳው ዳር አቆሙት። አምሐ ወንድሙን ሲያይ ደስታ ልቡን ነሣው። በአገሩ ደንብ በገና ያሸነፈ ሰው ጌታውን በግጥም ይሰድባል፤ ጌታም ስቆ ይሸልማል እንጂ አይቆጣም። ለአምሐ ይህ ማክበር ነበር። እየዘለለ ሄዶ ሻምበሉ ፊት ቆመ፦

«የኛ ጌታ ሆዱ ጎተራ ያህላል፣
እኛ ስንላፋ ተቀምጦ ይበላል!»

ሻምበሉ እየሳቀ ምን እንዳለ ጠየቀ። አስተርጓሚው አካሉ ሊያለሳልሰው ፈልጎ ነበር፤ ግን አጠገባቸው ባንዳ ቆሟል፣ ቢዋሽ ያጋልጠዋል። ፈርቶ እንዳለ ተረጎመው። የጎርጎራ መኮንኖች በሣቅ ፈነዱ። የሻምበሉ ፊት በርበሬ መሰለ።

«ጌታዬ፣ ጨዋታ ነው! ያገራችን ደንብ ነው!» አምሐ እግሩ ላይ ወደቀ። «የሰደብሁዎት እኔ ነኝ፣ እኔን ይግደሉኝ!»

ማን ሊሰማው! ሻምበሉ ወደ ወልደ ዮሐንስ በእጁ አመለከተ። እዚያው አምሐ እያየ ተኮሱበት። ሬሳውን እንኳ ከለከሉት።

እናቱ እማሆይ ወለተ ሩፋኤል የወልደ ዮሐንስን የታጠበ ጋቢ በክንዳቸው ይዘው ደጅ ቆመዋል። አምሐ እንዴት እቤት እንደደረሰ አያውቅም።

«አሸነፍህ፣ ልጄ?»

«አሸነፍሁ፣ እናቴ።»

«እኔማ የደስታ ተኩሱን ስሰማ ጊዜ አውቄዋለሁ!» አሉና እልልታቸውን አቀለጡት።