ጫማ እግር ሥር ነው

ፍላሜንኮ የሚባለው የእስፔን ጭፈራ አርባ ምንጭ ላይ ሥር የሰደደው በስህተት ነው። ሚሪያም የምትባል እስፔናዊት መጀመሪያ አዳራሽ ውስጥ ስትጨፍር፣ ክንዷን ሽቅብ ሰቅላ፣ ፊቷን አጨፍግጋ የመድረኩን ሳንቃ በጫማዋ ስትደልቀው፣ ከኦቾሎ መንደር የመጡ እናቶች ሰው ሞቶባት መሰላቸው። ተነሥተው ደረታቸውን እየመቱ አብረዋት አለቀሱ። እሷም እንደ መደንገጥ ብላ፣ ኋላ አብራቸው አነባች።

ከዚያ ወዲያ ጭፈራው የለቅሶ ሆነ። የአገሩን የለቅሶ ጭፈራ ቸርቹ የአረማዊ ነው ብሎ አስትቶት ነበር፤ የፈረንጁን ግን ማን ይከልክል? ደህና ሰው ሲሞት የሚሪያም ተማሪዎች ጥቁር ለብሰው ይጠራሉ። የሳንቃ መድረካቸው በአይሱዙ ተጭኖ ካምባ ድረስ ይሄዳል። አሁንማ ባህላችን ነው ይላሉ።

የሚጮኸውን ሚስማር ጫማቸው ላይ የሚመታው ኦይታ ነው፤ ሲቀላ ገበያ ዳር ጫማ ሰፊ። እሱን ባህላችን ያለው የለም። የቆዳ ፋቂ ልጅ ነው። ልጅ ሆኖ ኦቾሎ ላይ ውሃ ሲለምን በቅል ስባሪ ይሰጡትና፣ ጠጥቶ ሲመልስ ስባሪውን ገደል ይወረውሩት ነበር። አባቱ ሲሞት፣ የፋቂ ሬሳ የለቅሶ ሜዳችንን አይረግጥም ተባለና ሳይጨፈርለት ተቀበረ። ኦይታ ይህን ሁሉ እንደ ወስፌ ጉሮሮው ላይ ይዞት ይኖራል።

እናቱ ጌጤ አልጋ ስትይዝ የለመነችው አንድ ነገር ነው።

"ያንን በጫማ የሚጮኸውን አስጨፍርልኝ፣ ልጄ። መሄዴን መሬቱ ይስማ።"

ሄዶ ለማህደር ነገራት። ማህደር ከሰሜን የመጡ ሹም ልጅ ናት፤ ሚሪያም አገሯ ከገባች ወዲህ ቡድኑን የምትመራ።

"ጋሼ ኦይታ፣ ለእርስዎ እናት ያልጨፈርን ለማን ልንጨፍር?" አለችው።

ኦይታ አንቱ ተብሎ አያውቅም። ቀና ብሎ አያት። ሚስማር ሊመታበት የተቀበላት ጫማዋ ገና እጁ ላይ ነበር። የዚያን ዕለት ሚስማሩን አሳምሮ መታላት፤ ከተረፈው ሚስማር ለራሱም አሮጌ ጫማ ላይ መታ፤ ከኋላ ቆሜ አጅባቸዋለሁ ብሎ።

ጌጤ በዝናቡ ወር ዐረፈች። ሬሳው ወጥቶ፣ ጥቂት ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሁሉም ዐይኑን መንገዱ ላይ ተክሎ ጠበቀ። አይሱዙው አልመጣም። ኦይታ ደወለ። ማህደር የኦቾሎ ሰዎች ያሏትን ነገረችው፤ ሳንቃው ከፋቂ ደጅ ከዋለ ወዲያ እኛ ለቅሶ እንዳይደርስ ብለዋል። እሷ በእንዲህ ያለ ነገር አታምንም፤ ግን ባህል መከበር አለበት፣ ሚሪያምም ያስተማረቻቸው ይህንኑ ነው።

"ጫማውስ?" አላት። "ከፋቂ እጅ አይደል የወጣ?"

ትንሽ ሳቅ ሰማ።

"ጫማ እኮ እግር ሥር ነው። አንተ ደግሞ።"

ስልኩን ኪሱ ከተተ። አንቱታዋ ጫማዋ ተሠርቶ እስኪያልቅ ነበር።

አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ኦይታ ያንን አሮጌ ጫማ አጠለቀ። ከመቃብሩ ራስጌ ቆሞ፣ እንዳየው ክንዱን ሽቅብ ሰቀለና ረገጠ። ድምፅ የለም። ሚስማሩ ቀዩ ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። ደግሞ ረገጠ፣ ባለ በሌለ ጉልበቱ። አፈሩ ዋጠው።

አክስቱ መጥታ ክንዱን ይዛ አወረደችው።

"ተው በቃህ፣ አንት ልጅ። ጭቃ እየረጨህባት ነው።"

ቆመ። ሊሄድ እግሩን ሲነቅል፣ ጫማው እዚያው ቀረ።