ለምርቃት የተጨመረ ሞራ

ተገኘ ስለ ግሪስ የሚያውቀው ነገር በሙሉ አንድ የወተት ጣሳ ውስጥ ይገባል። ጣሳው ከሚቀመጥበት ዱካ ሥር ይኖራል፤ በውስጡ ከበግ ላት የቀለጠ ሞራ ከጥላሸት ጋር ተለውሷል። በር ሲጮህ፣ ጋሪ ሲያፏጭ፣ የወፍጮ ብረት ሲደርቅ ጣቱን ከዚያ ይነክራል። በከተማችን በዘመሮ እሱ የሚፈራው ሌላ ሞተር ጠጋኝ ስለሌለ፣ ይህን የሚያደርገው እንደ ሊቅ ኮራ ብሎ ነው።

እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። የምነዳት አሮጌ ሞተር ካቴና የላትም፤ የኋላ ጎማዋን የሚያዞረው ከማርሽ ሳጥኑ፣ ከካምቢዮው፣ የሚነሣ የብረት ዘንግ ነው። ዘንጉም ሆነ ማርሽ ሲቀየር ሞተሩን የሚያላቅቀው ፍሪሲዮን ከካምቢዮው ጋር የሚያያዙት በቀጫጭን ጥርሶች ነው፤ ጥርሶቹ ሲደርቁ እርስ በርስ ይበላላሉ። አምና የፍየል ክትባት ይዤ ወደ ቆላ ስወርድ ተበልተው አለቁና ወንዝ ዳር ቀረሁ። ክትባቱን ያቀዘቀዝኩበት በረዶ ቀለጠ፣ ክትባቱ ተበላሸ፤ በወሩ በሽታው ገብቶ የቄስ ወልደ አማኑኤልን መንጋ ግማሹን ጨረሰው። ዘንድሮ ቄሱ የሰፈሩን ፍየል አሰባስበው ሊጠብቁኝ ቃል የሰጡት ለአንድ ቀን ብቻ ነው። «አሁንም ከቀረሽ» አሉኝ በስልክ፣ «ሁለተኛ እንዳትመጪ።»

ስለዚህ ከመውረዴ ሁለት ቀን ቀደም ብዬ ሞተሯን አስፈታኋት። አምና የተቀየሩት ጥርሶች ላይ ቀይ ዱቄት ተኝቷል። በነጭ ወረቀት ጠረግኩት፤ በርበሬ ይመስላል።

«ዝገት ነው» አለ ተገኘ።

«ደርቀው ሲፋተጉ የወጣ የብረት ብናኝ ነው። ምን ነበር የቀባኸው?»

ጣሳውን በእግሩ ገፋ አደረገልኝ። «ቅባት ነዋ።»

«የምን ቅባት?»

«ዶክተርዬ፣ ቅባት ቅባት ነው። የበግ ነው የፍየል ነው ብሎ የጠየቀኝ ብረት የለም።»

በረንዳው ላይ ልብስ የሚሰፋው ወዳጆ ከስፌት መኪናው ቀና አለ። «ሁዳዴ ነው እኮ ተገኘ፤ በጾም ላት አትቀባባት ማለቷ ነው።»

«ሞተር ይጾማል እንዴ?»

ተሳሳቁ። ሁለቱም ስቀው እስኪጨርሱ ድረስ ስሪንጅ አወጣሁ። ከተገኘ ጣሳ፣ ሱቅ ከሚሸጠው ቢጫ የኩሽኔታ ግሪስ፣ ከአዲስ አበባ ካስመጣሁት ጥቁር ግሪስ እኩል እኩል፣ ግማሽ ግማሽ ሚሊ ለክቼ ቆርቆሮ ላይ አኖርኩና ግቢው ውስጥ አሳደርኩት።

ንጋት ላይ ውርጭ ነበር። ሞራው እንደ ጧፍ ደርቋል።

«አየሽ?» አለ ተገኘ ደረቱን ነፍቶ። «ንቅንቅ አይልም! የኔ ቅባት ቦታውን ያውቃል።»

ቆርቆሮውን በአንድ ደንበኛ ሞተር የጋለ ማርሚታ፣ ጭስ መውጫው ላይ አስቀመጥኩት። ገና መቶ ሳልቆጥር ሞራው ውሃ ሆኖ መሬት ላይ ተንጠባጠበ። ወዳጆ አሸተተና «ቃሪያ ብቻ ነው የጎደለው» አለ። ቢጫውና ጥቁሩ በብርዱም በሙቀቱም ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ሁለቱን ለየብቻ በብረት መካከል አድርጌ በመዶሻ መታሁ፣ ፈተግሁ። ቢጫው ወደ ጎን ሸሽቶ ብረቱን ራቁቱን ተወው። ጥቁሩ ግን በጨርቅ ብጠርገው እንኳ እድፉ አልለቀቀም።

«ጥቁሩ» አልኩ። ተገኘ ጣሳውን ወደ ዱካው ሥር መለሰ። የተስማማ መሰለኝ፤ የመጀመሪያው ስህተቴ ነው።

ጥርሶቹን በቤንዚን አጥቤ በብሩሽ ቀባኋቸው፤ ለእያንዳንዱ ሁለት አሥረኛ ሚሊ፣ ከዚያ በላይ ጠብታ የለም።

«ይኼው ነው?» አለ ተገኘ። «ለጠላትም እንዲህ አይቀባም።»

«የዚህች ሞተር ፍሪሲዮን ደረቅ ነው። ትርፍ ቅባት ተፈናጥሮ ከነካው ያንሸራትታል፤ አይጨብጥም። ገባህ?»

ገበያ ላይ የጣሳዋን አፍ በመዳፏ ጠርጋ አስተካክላ፣ አንዲት ፍሬ ምርቃት ሳትጨምር እጇን የምትሰበስብ ሴት አጋጥማችሁ ከሆነ እንዴት እንዳየኝ ታውቃላችሁ። «ገባኝ» አለ። እሱ እንዲገጥማት ትቼ በረዶ ላመጣ ሄድኩ። ሁለተኛው ስህተቴ ይህ ነው፤ ከመጀመሪያውም ይከፋል።

በማግስቱ ቁልቁለቱን በሰላም ወረድኩ። ቆላው እንደ ምድጃ ይፋጃል። ወንዙን ተሻግሬ ወደ መንደሩ የሚወስደውን ዳገት ስጀምር ሞተሯ ጮኸች፤ ጎማዋ ግን አልተከተላትም። ማርሽ ቀነስኩ። ይበልጥ ጮኸች፤ ከዚያም ቀጥ አለች። ከሆዷም ጭስ ወጣ፤ ከጭሱ ጋር ሽታ መጣ። የሚጠበስ የበግ ላት ሽታ።

ዳገቱ ላይ ሲጠብቁ የነበሩት ሰዎች ወረዱ። ቄስ ወልደ አማኑኤል ከፊት ነበሩ። አሥር እርምጃ ሲቀራቸው ቆሙና በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ያዙ።

«አንቺ ልጅ» አሉ። «በሁዳዴ?»

«አባ፣ እኔ አይደለሁም—»

«አምና ሳትደርስ ቀረች» አለች ከኋላቸው አልጣሽ የምትባል ሴት፤ አሥራ አራት ፍየል የሞተባት እሷ ናት። «ዘንድሮ ጥብሷን ይዛ መጣች። በዚህ እጇ ነው ፍየሌን የምትወጋው? ተመለሱ!»

ሦስት ሰዎች ዞሩ። ስለ ብረት ጥርስ ማስረዳት ጀምሬ ተውኩት፤ ሽታ ላስቆጣው ሰው መልሱ ራሱ እንዲያሸተው ማድረግ ነው። ከካምቢዮው ጎን ያለችውን የላስቲክ ክዳን ነቅዬ ጥጥ በፒንሳ ይዤ አስገባሁ። ሲወጣ ከጥቁሩ ግሪስ ሌላ ጥላሸት የተለወሰበት የቀለጠ ሞራ ጠጥቷል። ለቄሱ ዘረጋሁላቸው። ጎንበስ ብለው አሸተቱት።

«የመንዝ በግ ነው» አሉ በእርግጠኝነት። «ማን ከተተው?»

«መካኒኩ ነው አባ። ያዘዝኩት አንሶ ታየውና ምርቃት ጨመረልኝ።»

ቄሱ ጥጡን አዩ፣ ሞተሯን አዩ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። «እንግዲህ ጾም የገደፈችው ይቺ ናታ!» የዞሩት ሰዎች እየሳቁ ተመለሱ። አልጣሽ ግን አልሳቀችም።

«መድኃኒቱስ?»

ሣጥኑን ከፈትኩ። በረዶው ቀልጦ እንቁላል አህሎ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ቴርሞሜትሩ ስድስት ዲግሪ ይላል። «ከስምንት ካለፈ ይበላሻል፤ እኔም አልወጋም» አልኳት። «ፍየሎቹን እዚህ አውርዱልኝ፤ ሩጡ።»

የሮጠችው እሷ ናት።

ፍየሎቹ አቧራ እያስነሱ ሲወርዱ ተገኘ ጋ ደወልኩ።

«እንዴት ናት?» አለ። «ለሰለሰች አይደል? እኔም ትንሽ አከልኩባት።»

«ተጠበሰች።»

ቀበል አድርጎ ጠየቀኝ። «በሁዳዴ?»

ስልኩን ዘጋሁበት። የአልጣሽን ፍየሎች በመጀመሪያ ወጋሁ፤ አንገታቸውን የያዘችልኝ ራሷ ነበረች። የመጨረሻዋን፣ ሁለት መቶ አሥራ አንደኛዋን ስወጋ ቴርሞሜትሩ ስምንት ላይ ነበር። አመሻሽ ላይ ቄሱ ሁለት በሬ ጠምደው ሞተሯን ወደ ዘመሮ መንገድ አስጎተቱልኝ። ጥጡን በብልቃጥ አሽጌ ቀኑን ጻፍኩበት፤ ስመለስ ለተገኘ እሰጠዋለሁ፤ ከጣሳው አጠገብ ያስቀምጠው።