የክንዱና የአብዱልሀኪም ዕጣ

ለፍኖተ ሰላም፣ ለቡሬና በመካከላቸው ላላችሁ የገጠር ሰዎች ሁሉ፤ ባለ በሬም ሆናችሁ ባለ ሱቅ። የቡሬው የበርበሬ ነጋዴ አቶ አብዱልሀኪም ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ዚፕ ያላት አንዲት ሰማያዊ ቦርሳ አንግተው ከባሕር ዳር መኪና መውረዳቸው በታላቅ አክብሮት ይገለጻል። የቦርሳዋ ገበር ብር ይመስላል። ማንገቻዋ ሲፈልጉ ይረዝማል፣ ሲፈልጉ ያጥራል። ዝርዝሩን የሚሻ አቶ ክንዱን ይጠይቅ። በዚያው መኪና ላይ ስለነበረ ከባሕር ዳር እስከ ቡሬ ዓይኑን ከቦርሳዋ አላነሣም።

ክንዱ ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ የሚኖር ገበሬ ነው። ከአብዱልሀኪም ጋር ሠላሳ ዓመት ተገበያይተዋል፤ ሠላሳ ዓመት ተጨቃጭቀዋል ማለት ነው። አንዱ ሚዛኑን ይጠራጠራል፣ ሌላው የበርበሬውን እርጥበት። ለዒድና ለፋሲካ ግን ይጠያየቃሉ። ክንዱ ከጥየቃው በተመለሰ ቁጥር ሆዱ አንድ ነገር ቋጥሮ ይመጣል። አብዱልሀኪም ግድግዳውን ሲሚንቶ ያስለበሰ ዓመት ክንዱ የቤቱን ቆርቆሮ ቀየረ። አብዱልሀኪም ጥርሱን ያስተከለ ዓመት ደግሞ ክንዱ ምንም ያላመመውን ጥርሱን ሊያሳይ ሐኪም ቤት ሄደ።

አምና የክንዱ ሽንት ደም ቀላቀለ። ተመረመረ፣ የኩላሊት ካንሰር ተባለ። ግራ ኩላሊቱን አወጡለት። ስድስት ወር ቆይቶ ሲታይ በሽታው ሳንባው ላይ ዘሩን ጥሎ ተገኘ። ክንዱ ሞትን ፈራ፤ እውነት ነው። ከፍርሃቱ ጎን ግን ማንም የማያውቃት አንዲት ትንሽ ኩራት ነበረችው። በሰበካው እንዲህ ያለ በሽታ የታመመ ሰው የለም። ሰንበቴ ላይ ሲመጣ ቦታ ይለቀቅለታል፤ ቄሱ ሳይቀሩ የበሽታውን ስም ደግመው ያስነግሩታል። ይህን ክብር ገና አራት ወር እንኳ ሳያጣጥመው፣ አብዱልሀኪም ያንኑ በሽታ፣ ያውም በዚያው በግራ ኩላሊቱ ይዞ መጣ።

ክንዱ ያን ቀን ለሚስቱ ለአቻምየለሽ በሽታዬን እንኳ አልተወልኝም አላት። እሷም እንግዲያ ንጠቀው አለችውና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ባሕር ዳር ያለ ሆስፒታል በዚያ ሰሞን ኩላሊታቸው ወጥቶ በሽታው ለተዛመተባቸው ሰዎች መድኃኒት የሚያወዳድር ጥናት ጀምሮ ነበር። የአብዱልሀኪምም ኩላሊት ወጥቶ በሽታው ተዛምቶበት ስለነበር ሁለቱም ተጠሩ። ማርያማዊት የምትባል የጥናቱ ነርስ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣ ወረቀቱን ቃል በቃል አነበበችላቸው። ግማሹ ሰው የተለመደውን ክኒን ይወስዳል፣ ግማሹ አዲሱን። ለማን የትኛው እንደሚደርስ ሐኪሙም አይመርጥም፤ ኮምፒዩተር ዕጣ ያወጣል። በፈለጉ ቀን በቃኝ ብሎ መውጣት ይቻላል። የሚሰማቸውን ሕመም ሁሉ፣ የአፍ ቁስልም ቢሆን፣ ሳይደብቁ መናገር አለባቸው። ፈረሙ። ዕጣው ወጣ። ለአብዱልሀኪም አዲሱ ደረሰ፤ ቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ ስላለበት ከነሰማያዊ ቦርሳው። ለክንዱ የተለመደው ደረሰ፤ በወረቀት ፖስታ።

«አዲሱ ይበልጣል እንዴ ልጄ?» አላት ክንዱ።

«አናውቅም አባባ። ብናውቅማ ኖሮ ጥናቱ ምን ያደርግልን ነበር?»

ክንዱ አላመናትም። የማይበልጥ ነገር ዚፕ ባለው ቦርሳ አይሰጥም። ሐኪም አላውቅም ሲል ደግሞ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ የተጎዳው ወገን እውነቱን እንዳይሰማ ነው።

ከዚያ በኋላ ክንዱ ጧት ጧት ክኒኑን የሚውጠው እንደ ሬት ነበር። ምግቡ ሲስማማው፣ በጎኑ መተኛት ሲችል፣ ውሃ ቀድቶ ሲመለስ ትንፋሹ ሳይቆረጥ ሲቀር፣ አብዱልሀኪም ይኼኔ በሬ ይጥላል እያለ ይብከነከናል። በየሦስት ሳምንቱ አንድ መኪና ይዘው ባሕር ዳር ይመላለሳሉ። ክንዱ በኪሱ ቆሎ ይዞ እየቆረጠመ ቦርሳዋን ያያል። አብዱልሀኪም ፊቱን ወደ መስኮት አዙሮ ዝም ይላል። ክንዱ ዝምታውን የጥጋብ አድርጎ ተረጎመው። አቻምየለሽ በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ብላ ብትመክረውም፣ መዳብ እንኳ ቢሆን መቼ በወረቀት ይጠቀለል ነበር አላት።

አንድ ቀን ማሳው ዳር ተቀምጦ ሳለ መላው ተገለጠለት። የተቀመጠባት መሬት ራሷ በዕጣ የመጣች አይደለች? በሰማንያ ዘጠኙ የመሬት ክፍፍል ለክንዱ የደረሰው ድንጋያማ ተረተር ነበር። ይህን ረግረግ ያገኘው ጎረቤቱ ደግሞ ከብቶቹ ዓልቅት እየነከሳቸው አስቸገሩት። በሦስት ሽማግሌ ፊት ተለዋወጡ፤ እስከ ዛሬ የጠየቃቸው የለም። በእኛ አገር ዕጣ የሚያወጣው እግዜር ነው፣ የሚያስተካክለው ሽማግሌ። ኮምፒዩተሩ ይህን አለማወቁ የኮምፒዩተሩ ጉድለት ነው።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ነገሩን አዙሮ ማርያማዊትን ጠየቃት። አንድ ሰው፣ እሱን ማለቱ አይደለም፣ ዕጣው ባይስማማውና ከወዳጁ ጋር ቢለዋወጥስ? ልጅቱ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ማንም የሌላውን ክኒን እንዳይውጥ፣ መጠኑ ለየሰው ደሙ ታይቶ የተሰጠ ስለሆነ ሊገድልም እንደሚችል፣ ደግሞም በደማቸው ስለሚታወቅ ሁለቱም ከጥናቱ እንደሚወጡ ነገረችው። ከጥናቱ ከወጡ መድኃኒቱን ከየት እንደሚያገኙት ክንዱ አልጠየቀም፤ መልሱን ያውቀዋል። አንገቱን ነቅንቆ አመስግኗት ወጣና፣ መኪና ላይ ከአብዱልሀኪም ጎን ተቀምጦ ጉዳዩን አነሣ።  አብዱልሀኪም ቡሬ ሲወርድ፣ ቅዳሜ ሽማግሌ ይዘህ ሱቅ ና አለው።

ክንዱ ሦስት ቀን ሙሉ ክርክሩን ሲያሰናዳ ሰነበተ። አብዱልሀኪም መደለያ ቢጠይቅ ሁለት በግ ድረስ፤ ከዚያ ካለፈ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሠላሳ ዓመቱን ሚዛን ሊያነሣበት።

ቅዳሜ ሦስቱ ሽማግሎች በበርበሬ ጆንያዎቹ ላይ ተደላደሉ። ከክንዱ ወገን አቶ ገብረ ሕይወት፣ ከአብዱልሀኪም ወገን ሐጂ ሰዓድ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከደምበጫ ዘመድ ሊጠይቅ የመጣ ጉዳዩ ምን እንደሆነ በቅጡ ያልገባው ሽማግሌ። የበርበሬው ሽታ ሁሉንም ያስነጥሳል። ሐጂ ሰዓድ መረቁ፣ ገብረ ሕይወት አሜን አለና ዕቃችሁን አቅርቡ አላቸው። ክንዱ ፖስታውን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። አብዱልሀኪም ቦርሳዋን ከትከሻው አውርዶ ከፖስታው አጠገብ አስቀመጠና ወደ ክንዱ ገፋት።

«ውሰዳት» አለ።

ክንዱ ደነገጠ። አንድ ኪሎ በርበሬ ሳይከራከር ሸጦ የማያውቅ ሰው።

«ምነው? ምንም አትጠይቅም?»

«ምን ልጠይቅህ? አፌን እይ።» አብዱልሀኪም ከንፈሩን ገልጦ አሳየው፤ ውስጡ ተልጧል። እጁን ዘረጋ፤ መዳፉ እንደ ተላጠ ድንች ሆኗል። «በርበሬ መንካት ከተውሁ ወር አለፈኝ። አጥሚት እንኳ ያቃጥለኛል።»

«ለልጅቱ አልነገርሃትም?»

«ብነግራት ቦርሳውን ቀምታ ለአንተ የምትሰጥህ መሰለኝ።» ሐጂ ሰዓድ ሳል ያዛቸው። አብዱልሀኪም ግን ቀጠለ። «አንተ አጠገቤ ተቀምጠህ ያን ቆሎ ትቆረጥመዋለህ። ኮሽ በል፣ ኮሽ በል። ከባሕር ዳር እስከዚህ። መጀመሪያ በቦርሳዬ ኮራሁብህ፤ ኋላ ግን ሌት ተቀን የምመኘው ያችን ፖስታህን ሆነ።»

ክንዱ ፖስታውን አየው። ጥጉ ታጥፏል፤ ስሙ በማርያማዊት እጅ ተጽፎበታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አብዱልሀኪም የእሱን ነገር ተመኝቶ ያውቃል? አያውቅም። ደረቱ ላይ እንደ ጠጅ ያለ ሙቀት ወረደ። ወዲያው ግን ነገ ጧትን አሰበ። ነገ ጧት ይህ ክኒን የሚወርደው በአብዱልሀኪም ጉሮሮ ነው። የሚሻለው አብዱልሀኪም፣ በጎኑ የሚተኛው አብዱልሀኪም፣ ቆሎውን ኮሽ ኮሽ የሚያደርገው አብዱልሀኪም። በቦርሳዋ ሲቃጠል የከረመው አንጀቱ ዞሮ ለፖስታው ነደደ።

እጁን ሰደደና ፖስታውን አነሣ። ደረት ኪሱ ከተተው፣ ቁልፉን ቆለፈው፣ በላዩ ጋቢውን ደረበ።

«አልለውጥም» አለ።

ሽማግሎቹ ተያዩ። ገብረ ሕይወት ራስህ ለምነህ፣ ራስህ ሰብስበኸን፣ ከሥራ አስፈትተኸን አለው። የደምበጫው ሽማግሌ መሬቱ የት እንደሆነ ጠየቀ።

«አፍህን ለማርያማዊት አሳያት» አለ ክንዱ ለአብዱልሀኪም። «ስልኳ አለህ። ዛሬውኑ ደውል። መጠኑን ትቀንሳለች እንጂ ቦርሳ አትቀማህም።»

«እደውላለሁ። አንተ ግን ንገረኝ» አለ አብዱልሀኪም። ቁጣ አልነበረበትም፤ የቆሰለው ከንፈሩ ለቁጣም አይመችም። «ቦርሳዬን ሦስት ወር ስትመኝ ኖረህ እንዴት በአንዴ ተውኸው? ለእኔ አዝነህ ነው?»

ክንዱ ተነሣ።

ሐጂ ሰዓድ ከዘራቸውን በሩ ላይ ጋረዱበት። «ሽማግሌ ተቀምጦ በባዶ አይነሣም፣ አንተ ሰው። ምክንያቱን ተናገርና ሂድ።»

«አልናገርም።»

«ለሽማግሌም?»

«ለሽማግሌም አልናገርም፣ ለቄስም አልናገርም። አለቀ።»