ከውጤት በፊት የተሰቀለ ፎቶ

የተማሪ ነገር እኮ ችኮላ ነው። የመውጫ ፈተናው ውጤት ሳይመጣ ጋዋን ለብሶ፣ ቆብ ደፍቶ ፎቶ መነሳት በአሰላው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ልማድ ሆኗል። ራኬብም እንደ ሰው ተነሳች። አባቷ ጋሽ ባጫ፣ ኢተያ ከተማ የሚኖሩት መምህር፣ ፎቶውን ትልቅ አድርገው አሳጥበው ሳሎን ሰቀሉት። ለመጪው እሁድም ቤተ ክርስቲያን የምስጋና ጸሎት አስይዘዋል።

ከዚያ ውጤቱ መጣ። ማለፊያው ሃምሳ ነው፤ ራኬብ አርባ ሰባት። ወይ ጉድ! አራት ዓመት ተለፍቶ በሦስት ነጥብ!

ዛሬ ደግሞ ከዶርም የሚወጡበት ቀን ነው። አብረዋት የኖሩት የጎበሳዋ ፈናንና የአርቦዬዋ ሐመልማል አልፈዋል። ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ግን ከእሷ ብሰው ያለቅሳሉ።

«ስሚኝ» አለች ሐመልማል አፍንጫዋን እየጠረገች። «ከስድስት ወር በኋላ ድጋሚ ትፈተኛለሽ፣ ታልፊያለሽ፣ አለቀ። እስከዚያ ማን ይጠይቅሻል? ፎቶው እንደሆነ ተሰቅሏል።»

«እኛም ትንፍሽ አንልም» አለች ፈናን። «ከተጠየቅን፣ አብረን ተመረቅን ነው።»

ራኬብ ፍራሿን መጠቅለሏን ቀጠለች። ሐሳቡ አላማለላትም ማለት ውሸት ነው። ግን አባቷ እሁድ በሰው ሁሉ ፊት ቆመው፣ ስላልሆነ ነገር እግዜርን ሲያመሰግኑ ታያት።

ይህን ስታስብ የሕንጻው ተቆጣጣሪ እትዬ በቀለች የክሊራንስ ወረቀት ይዘው ገቡ። ፍራሹን አዩ፣ ቁልፉን ተቀበሉ፣ ሎከሩን ከፍተው ዘጉ። ከዚያ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ምድጃውስ?» አሉ።

ሦስቱም ክው አሉ። የኤሌክትሪክ ምድጃ በግቢው ክልክል ነው። የእነሱ ምድጃ ፍተሻ በመጣ ቁጥር በሐመልማል ጋቢ እየተጠቀለለ ከሎከር ጀርባ ሲደበቅ አራት ዓመት ኖሯል።

«የምን ምድጃ?» አለች ፈናን ዓይኗን በጨው አጥባ።

«አይ እናንተ! ጠዋት ጠዋት እንቁላሉ ሲሸት እኔን ጉንፋን የያዘኝ መስሏችሁ ነው? የአሰላን ብርድ ስለማውቀው ነው ዝም ያልኩት።» ፈርመው እየሳቁ ወጡ።

ሳቁ ሦስቱንም ያዛቸው። ቀድማ ያቆመችው ራኬብ ናት።

«አራት ዓመት በከንቱ ስንደብቅ ኖርን» አለች። «ሌላ ስድስት ወር አልጨምርበትም።» ስልኳን አነሳች። ሐመልማል እጇን ልትይዝ ብትሞክር አስለቀቀቻት።

«አባዬ፣ ፎቶውን ያውርዱት። አላለፍኩም። በሦስት ነጥብ ወድቄያለሁ።» ሳታቆም ቀጠለች። «የእሁዱንም ጸሎት ይተዉት። ቤት ተቀምጬ አጠናለሁ፣ ድጋሚ እፈተናለሁ።»

ከጋሽ ባጫ በኩል ወንበር ሲጎተት ተሰማት፤ ቀጥሎ ፍሬሙ ግድግዳውን ሲፍቅ።

«ኢንተላ ኮ» አሉ በመጨረሻ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ ሆዳቸው ሲባባ በኦሮምኛ ነው የሚጠሯት። «ነይ በቃ።» ስልኩን ዘጉት። ተቆጥተው ይሁን አዝነው አላወቀችም።

መናኸሪያ ሲደርሱ ረዳቶቹ «ኢተያ! ኢተያ!» እያሉ ይጮኻሉ። ሐመልማል በእጇ የጻፈቻቸውን ደብተሮች በሙሉ ለራኬብ ሰጠቻት። ፈናን ደግሞ በጋቢ የተጠቀለለውን ምድጃ አስታቀፈቻት።

«አደራ ነው» አለች። «በምርቃትሽ ቀን እንቁላል ትጠብሺልናለሽ። እኛ እንደሆንን ከየትም እንመጣለን።»

«አትቅሩ ብቻ» አለች ራኬብ። ሦስቱም ተቃቅፈው አለቀሱ፤ መኪናው ጥሩምባውን ነፋና ለያያቸው። እንደነሱ ያለ ጓደኛ ዳግም እንደማታገኝ አወቀች። ምድጃዋን ታቅፋ ገባች።

ቤት ስትደርስ ጋሽ ባጫ በሩ ላይ ቆመዋል። ሳሟትና ዕቃዋን ተቀበሏት። ሳሎን ገብታ ቀና አለች። ፎቶው የለም፤ ግድግዳው ላይ ምስማሩ ብቻ ቀርቷል።

«ይሄን አልነቀሉትም እንዴ አባዬ?» አለች።

«ለምን ብዬ?» አሉ ሻንጣዋን እያስቀመጡ። «ስድስት ወር እኮ ቅርብ ነው።»