ድንኳን ውስጥ ዕዳ አይጠየቅም

ፉሪ ላይ ኦቦ ዲሪባ ያልተከሉት የለቅሶ ድንኳን አልነበረም፤ የራሳቸው ሲቀር። የዕድሩ ሸራ፣ አጣናና ገመድ ጸጉራቸው ሳይሸብት ጀምሮ በእሳቸው እጅ ነበር። ሰው ሞተ ሲባል ሌላው ነጠላውን ሲያዘቀዝቅ እሳቸው መዶሻቸውን ይፈልጋሉ። በዚያ ሐሙስ ግን የሞቱት እሳቸው ሆኑና ድንኳኑ ሠሪ አጣ።

የዕድሩ ሰዎች ሥራውን አይተውታል እንጂ ሠርተውት አያውቁም። አንዱ ይጎትታል፣ አንዱ ይለቃል፣ ሌላው ቆሞ ይመክራል። ሸራው አንዴ እንደ ጠገበ በሬ ሆድ ይነፋል፣ አንዴ ሰዎቹ ራስ ላይ ይወድቃል። የኦቦ ዲሪባ ልጅ ድንቅቱ ጥቁሯን ለብሳ ከበሩ ላይ ሆና አየች፣ አየችና አልቻለችም።

«ወዲህ በሉት» አለች።

ሐዘንተኛ ተቀምጦ ያለቅሳል እንጂ ካስማ አይመታም ያላት ነበር። አልሰማችውም። ከልጅነቷ ጀምሮ አባቷን ስታይ ኖራለችና ሦስቱን ማዕዘን እሳቸው እንደሚያስሩት አድርጋ አሰረች። አራተኛው ጋ ስትደርስ ግን መሬቱ ኮብልስቶን ነው። ካስማው ድንጋዩ ላይ ይነጥራል እንጂ አይገባም። አባቷ እንዲህ ሲገጥማቸው ጆንያ ሙሉ አሸዋ አስመጥተው ገመዱን በዚያ ነበር የሚያስሩት። አሁን አሸዋም የለ፣ ጊዜም የለ፣ ቀብሩ ደርሷል። ከፊቷ ደግሞ የጎረቤቷ የአብዱልከሪም ቪትዝ ቆማለች። ከማለዳ ጀምሮ ለቀስተኛ ስታመላልስ ቆይታ ገና ማረፏ ነው።

ድንቅቱ የገመዱን ጫፍ በመኪናዋ የኋላ ባምፐር ሥር አሳልፋ ጥብቅ አድርጋ አሰረችው። ለአብዱ ልንገረው ብላ ዞር ስትል የቡራዩ ዘመዶቿ እየጮኹ ደረሱ። አንገቷ ላይ ተጠመጠሙ፣ አብራቸው አለቀሰች፣ ነገሩንም ረሳችው።

ከቀብር መልስ የኦቦ ዲሪባ እህት፣ ድንቅቱ አዳዳ የምትላቸው አክስቷ ተረፈች፣ ስልክ ደወሉ። ከሱሉልታ መኪና ሲቀያይሩ ቀብሩ አምልጧቸው ዓለም ገና ወርደው ቆመዋል። የድንቅቱ አጎት ኦቦ ነገሳ አብዱልከሪምን ከድንኳኑ ውስጥ ጠርተው አስነሡት።

«እህቴን አምጣልኝ፣ እግሯ ያማታል።»

መንገዱ በሰው ተጨናንቋል። በአገሩ ደግሞ መኪና ያለ «ና» ባይ አይንቀሳቀስም። ኦቦ ነገሳ ከፊት ቆመው ሁለት እጃቸውን ወደ ደረታቸው መሳብ ጀመሩ።

«ና… ና… ምንም የለም፣ ና… ትንሽ ጠንከር አድርገህ ና።»

አብዱልከሪም መኪናዋ ከበዳት ብሎ ቤንዚን ሰጣት። ቪትዟ ወደ ፊት ተፈናጠረች፣ ድንኳኑም ተከተላት። ውስጥ ተቀምጠው የነበሩት ሽማግሌዎች ድንገት ሰማይ አዩ። የማዕዘኑ አጣና ቀስ ብሎ አጎነበሰና የመኪናዋ የኋላ መስታወት ላይ አረፈ። መስታወቱ እንደ ቆሎ ረገፈ። ባምፐሩ ተገንጥሎ ከገመዱ ጋር ኋላ ቀረ። ሰው አልተጎዳም፤ አንድ ትሪ ንፍሮ ብቻ ተደፋ።

አዳዳ ተረፈች መጠበቅ ሰልችቷቸው በባጃጅ ሲደርሱ ግማሹ ሰው ከሸራ ሥር እየወጣ ነበር።

«ወንድሜ ሞተ ብላችሁኝ መጣሁ» አሉ ከባጃጁ ሳይወርዱ። «ጦርነት አለ ግን አላላችሁኝም።»

ድንኳኑን ጆንያ አሸዋ ተፈልጎ እንደገና ተከሉት። የመኪናዋ ነገር ግን እንዲህ በቀላሉ የሚነሣ አልነበረም። አመሻሹ ላይ የአብዱልከሪም ሚስት መኪያ ውኃ ልትቀዳ ብላ መጥታ ድንቅቱን ወደ ጓሮ ጎተተቻት።

«ነገረችኝ እንዳትዪው። መኪናዋ የእኛ አይደለችም።»

«አውቃለሁ፣ የሰበታው የሳህሉ ናት።»

«ሳህሉ እሁድ እሁድ መጥቶ ያያታል። በሬ የሚገዛ ነው የሚመስለው፣ ዞሮ ዞሮ በጥፍሩ ይፈትጋታል። ከአብዱ በፊት የነበረውን ሾፌር በአንዲት ጭረት ቁልፍ ተቀብሎታል። ቅዳሜ ጋራዥ ውላ ካልተሠራች እሁድ እኛ ሥራ የለንም።»

«ለምን አይናገርም ታዲያ?»

«ለቅሶ ቤት ገብቶ ምን ይበል? ‹ለአባትሽ ነፍስ ይማር፣ ለባምፐሬ ብር አምጪ› ይበል?»

ድንቅቱ ወደ ድንኳኑ ስትመለስ ጨዋታው ራሱ መኪናዋ ነበረች። ኦቦ ነገሳ ደረታቸውን እየመቱ ነው።

«‹ና› ያልኩት እኔ ነኝ። እኔ እከፍላለሁ፣ አለቀ።»

«ላኪ፣ አይሆንም» አሉ የዕድሩ ዳኛ ኦቦ ኦዳ። «ድንኳኑ የዕድሩ ነው። ዕድሩ እያለ አንተ ምን ቤት ነህ?»

«ኧረ ወላሂ ምንም አይደለም» አለ አብዱልከሪም ከድንኳኑ ደጅ። «ትንሽ ነገር ናት።» ትንሽ ያላት ነገር ከኋላው ላስቲክ ለብሳ ቆማለች።

«ያሰርኩት እኔ ነኝ» አለች ድንቅቱ። «ሳልነግረው ነው ያሰርኩት። የምከፍለው እኔ ነኝ።»

ሁሉም በአንድ ድምፅ ዝም አሰኟት። ሐዘንተኛ ናት፣ ሐዘንተኛ አይከፍልም፣ ከሐዘንተኛም የሚቀበል የለም።

«ከፋዩ እንዲህ ከበዛ» አሉ አዳዳ ተረፈች፣ «ልጁ ሌላም መኪና ሊገዛበት ነው። እስቲ ማነው አሁን የሚያወጣ?»

ማንም አላወጣም። ኦቦ ኦዳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ተረፈች፣ ሱሉልታን አላውቅም። በእኛ ወግ ድንኳን ውስጥ ዕዳ አይጠየቅም። ሠልስቱ ይውጣ፣ ድንኳኑ ይውረድ፣ ያኔ ተቀምጠን እናየዋለን።»

ሠልስቱ ቅዳሜ ነው። ድንቅቱ በልቧ አሰላችው፤ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ሲያዩት በማግስቱ ሳህሉም ቆሞ ያየዋል። ወደ አብዱልከሪም ዞር ብትል ዓይኑን አሸሸ። ገመዱ ከተጎተተ ጀምሮ አንድ ቃል አልተናገራትም። ድንኳኑ ውስጥም ተመልሶ አልተቀመጠም። አባቷ ድንኳን በተከሉ ቁጥር አጣና የሚሸከምላቸው እሱ ነበር፤ አሁን በለቅሷቸው ላይ እንደ አበዳሪ ደጅ ቆሟል።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ አዳዳ ተረፈች የካስማ ድምፅ ሰምተው ወጡ። ድንቅቱ ተንበርክካ ትነቅላለች።

«ምን ልትሆኚ ነው?»

«ላወርደው።»

«ሠልስቱ ሳይወጣ?»

«ድንኳን ውስጥ አይጠየቅም አሉ አይደል። ድንኳን ከሌለ ይጠየቃል።»

አሮጊቷ ጠጋ ብለው ቆሙ። ድንቅቱም ቀና አላለችም። ቀና ብትል እንደምትተወው ታውቃለች። አባቷ ለስንቱ ሰው ሦስት ቀን ሙሉ ጥላ ሰጥተዋል፤ እሷ ለእሳቸው አንድ ሌሊት ብቻ ሰጥታ እያወረደችባቸው ነው። የወደቀ ድንኳን ይነሣል፤ በእጅ የወረደ የለቅሶ ድንኳን ግን ተመልሶ አይተከልም። ሌላ ሞት መጥራት ነው ይባላል።

«ዲሪባ ቢኖር በዚያ ካስማ ይልሽ ነበር» አሉ አዳዳ ተረፈች። ከዚያ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። «ያንን ጫፍ ሳብ አድርጊው፣ ሸራው እንዳይጨማደድ።»

ኦቦ ኦዳ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሲመጡ ሊገቡበት ያሰቡት በር የለም። አግዳሚ ወንበሮቹ ሜዳ ላይ ተደርድረዋል፣ ሸራው ታጥፎ ግድግዳ ሥር ተቀምጧል።

«አባትሽን አዋረድሽ» አሏት።

ድንቅቱ ወንበር አመለከተቻቸው። አብዱልከሪምን ከቤቱ፣ ኦቦ ነገሳን ከእንቅልፋቸው አስጠራችና ፀሐይ ላይ አስቀመጠቻቸው።

ድንኳኑ ሲወርድ ቸርነቱም አብሮ ወርዶ ነበር። መጀመሪያ የተናገሩት ኦቦ ነገሳ ናቸው።

«እንግዲህ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ እኔ ‹ና› አልኩት እንጂ ድንኳን ይዘህ ና አልኩት?»

«ማታ ደረትህን ስትመታ ነበር» አሉ እህታቸው።

«ማታ ለቅሶ ላይ ነበርኩ። ሰው ለቅሶ ላይ ደረቱን ይመታል።»

«ዕድሩስ?» አለች ድንቅቱ።

ኦቦ ኦዳ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ዕድር የተቋቋመው ለሞተ ነው። መኪናዋ አልሞተችም።»

«ኢንሹራንስ የላትም?» ጠየቁ ኦቦ ነገሳ በተስፋ።

«ሦስተኛ ወገን ብቻ ነው ያላት» አለ አብዱልከሪም። «ለገጨሁት ይከፍላል እንጂ ለራሷ አይከፍልም።»

«የገጨኸውማ ድንኳን ነው» አሉ አዳዳ ተረፈች። «እሱም ጤነኛ ነው፣ ይኸው ታጥፎ ተኝቷል።»

አብዱልከሪም ሊስቅ ከጀለውና ተወው። የቁልፉን ቀለበት በጣቱ እያዞረ ቆየ።

«እኔም አለሁበት» አለ። «ሾፌር ነኝ፣ ዞሬ ማየት ነበረብኝ። ስትከብደኝ ወርጄ ማየት ሲገባኝ ቤንዚን ሰጠኋት።»

ከትናንት ወዲህ ስለ መኪናዋ ከልቡ የተናገረው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር። ድንቅቱ ቀለላት። አሁን እንደ ሰው መነጋገር ይቻላል።

«መስታወቱ የእኔ ነው» አለች። «ለኤሌክትሪክ ስፌት ማሽን ያስቀመጥኩት ገንዘብ አለኝ። በእግር የሚረገጠው እስካሁን አልሞተም፣ ትንሽ ይቆየኛል። ኦቦ ኦዳ፣ እኔ ሐዘንተኛ ነኝ አላልኩም፣ ድንኳንም የለኝም። አሁን ይፍረዱ።»

ኦቦ ኦዳ ተቆጥተዋል፣ ነገር ግን ዳኛ ናቸውና ፍርድ ሲጠየቁ እምቢ ማለት አይችሉም።

«መስታወቱ ገመዱን ያሰረችው ላይ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ባምፐሩ ከፊት ቆሞ ኋላ ሳያይ ‹ምንም የለም› ያለው ላይ ነው።»

«ኦዳ…» አሉ ኦቦ ነገሳ።

«ነገሳ፣ ምንም የለም ያልከው አንተ ነህ። ነበረ። የእጅ ሥራውን ሾፌሩ ይሸፍን፣ ሌላ ጊዜ ዞሮ ያይ ዘንድ።»

«ቀለምስ?» አሉ አዳዳ ተረፈች። «ያለ አሸዋ ድንኳን የላከው ዕድርስ ምን ይበላል?»

ኦቦ ኦዳ ጥርሱን እንደሚነቀል ሰው ፊታቸውን አጨማደዱ። «ቀለሙን… ቀለሙን ዕድሩ ይቻል።»

ኦቦ ነገሳ እያጉረመረሙ ገንዘብ ሊያመጡ ሄዱ። ሲመለሱ ባምፐሩን ከወደቀበት አንሥተው እንደ ሞፈር ትከሻቸው ላይ አድርገው አመጡና በተሰበረው መስታወት በኩል አስገቡት። ድንቅቱ የራሷን ድርሻ ቆጥራ አብዱልከሪም እጅ ላይ አኖረች። ተቀበላት። ለማለት ያህል እንኳ «ይቅር» አላለም፣ ለዚህም በልቧ አመሰገነችው።

ዓለም ገና ያለው የመኪና ቦዲ ሠራተኛ በስልክ ተጠይቆ ዛሬ በጠዋት ብትገባልኝ ነገ ማታ አስረክባለሁ ብሏል። አብዱልከሪም የመኪናዋን በር ከፈተ፣ ከዚያ መልሶ ዘጋው። መጥቶ ታጥፎ በተቀመጠው ሸራ ላይ ከድንቅቱ አጠገብ ተቀመጠ።

«አላህ ያጽናሽ» አላት። «ትናንት ልልሽ ነበር። ግን ምንም ብልሽ ‹ብሬን› ያልኩሽ ይመስለኝ ነበር።»

«ገብቶኛል።»

«አባትሽ ድንኳን ተክለው ሲጨርሱ የሚያደርጉትን አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«መዶሻቸውን ይፈልጋሉ። ሁልጊዜ ይጠፋባቸዋል።»

«እሱማ አለ። ከዚያ በፊት ግን ሰው ሳይመጣ ብቻቸውን ይገቡና መሬቱ ላይ በጀርባቸው ይተኛሉ። በእናቴ ለቅሶ ድንገት ስገባ አገኘኋቸውና በድንጋጤ ልጮህ ነበር። ‹ዝም በል› አሉኝ፣ ‹ቀዳዳ እየፈለግኩ ነው። እናትህን ሊያለቅስ የመጣ ሰው ላይ ቢዘንብበት ዝናቡን እንጂ እሷን አያስብም።› ‹ኦቦ ዲሪባ፣ ሰው እየመጣ ነው፣ ይነሡ› ስላቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‹ቀዳዳውን ጨርሻለሁ፣ አሁን ወገቤን ነው።›»

ድንቅቱ ሳቀች። አፏን በነጠላዋ ያዘች፣ ሳቁ ግን በነጠላው ሥር ሄደ፣ ሄደና መንገድ ቀየረ። ትናንት ሰው ሁሉ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ያልወጣላት ለቅሶ አሁን ወጣ። አብዱልከሪምም ዓይኑን በመዳፉ እየጠረገ ስለ ኦቦ ዲሪባ ሌላ መናገር ጀመረ።

ኦቦ ነገሳ ከመኪናዋ አጠገብ ሆነው ሰዓታቸውን አዩ። «ኧረ አብዱ፣ ጋራዡ…»

«ተወው» አሉ አዳዳ ተረፈች። «ለቅሶ ላይ ነው።»