ለአንድ በር ስንት መጋዝ

ከዚህ ታሪክ አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ የ«ሁሉ በእጄ» ጢም በደነዘ ምላጭ ይላጭ። ሰውየው ራሱ ነው ሳሎኑ ውስጥ ለተቀመጡት ጎረቤቶች እንዲህ ብሎ የማለላቸው። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ለሹፈት ነው፤ እሱ ግን እንደ ማዕረግ ይቆጥረዋል።

ነገሩ የአማቱ ክፍል በር ነበር። አሮጊቷ ጓዛቸውን ጠቅልለው እሱ ቤት ሊኖሩ የመጡ ዕለት በሩ ከወለሉ ጋር ተናንቆ አልዘጋ አለ። «ገመናዬን ለአላፊ አግዳሚ ዘርግቼ አልተኛም፤ እስከ ማታ ካልተዘጋ ልጄ ቤት እሄዳለሁ» አሉ። ልጃቸው ማለት የሚስቱ ወንድም ነው። አማቱን ለዚያ ሰው ከማስረከብ ሁሉ በእጄ ሞቱን ይመርጣል።

ወንድምየው እኮ ስልክ ላይ ቪዲዮ አይቶ በአንድ ጀንበር አናጺ የሆነ ጉድ ነው። የእናቴን በር እኔ ነኝ የማስተካክለው ብሎ ሱቅ ሄዶ ሲመለስ የቆርቆሮ መቀስ፣ የብረት መጋዝና እንደ አውሮፕላን የሚያጓራ ግራይንደር ታቅፎ ከች አለ።

«በሩን ልትቆርጠው ነው ልትዘምትበት?» አለው ሁሉ በእጄ።

«ጋሼ፣ ሻጩ ብረት ሳይቀር ይቆርጣል ብሎኛል።»

«እንግዲያ ሂድና ባቡር ቁረጥበት። ይሄ እንጨት ነው።»

ማን ሰምቶት። በሩን ነቅሎ ሁለት ወንበር ላይ አጋደመውና በብረት መጋዙ ገዘገዘ። የመጋዙ ጥርስ ደቃቅ ከመሆኑ የተነሳ በሰጋቱራ ተደፍኖ እንጨቱን ይልሰው ጀመር። ስንዝር ሳይገባ ደግሞ የመጋዙ ቀስት መሳይ ጀርባ በሩ ጠርዝ ላይ አረፈና ወይ ፍንክች። ግራይንደሩን አስነሳ፤ እንጨቱ መቆረጡን ትቶ ነደደ። ጭሱ ሦስት ሰፈር አዳረሰ፤ ወፎች አቅጣጫ ሳቱ።

«ወንድሜ፣ አናጺ እሆናለሁ ብለህ ከሰል አክሳይ ሆነህ ቀረህ» አለው ሁሉ በእጄ፤ ከዚያም እጅጌውን ሰብስቦ ጥርሰ ትልቁን የእንጨት መጋዝ አነሳ። በእርሳስ አሰመረ፤ እንጨቱ እንዳይሰነጣጠር መስመሩን በቢላ ጫር አደረገ። ሦስት ጊዜ ገፋ፣ ሦስት ጊዜ ሳበ፤ ቁራጩ ዱብ። የተቆረጠው ጠርዝ ከማብለጭለጩ የተነሳ አማቱ ፊታቸውን አይተውበት ሻሻቸውን አስተካከሉ። ልጃቸው ቤት መሄዱንም ያን ጊዜውኑ እርግፍ አድርገው ተዉት።

አንዱ ጎረቤት ጥግ ይዘው የሸሚዝ ቁልፍ ወደሚተክሉት አማቱ ዞረ። «እማማ፣ እውነት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የገፋው?»

አሮጊቷ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ።

«በሩማ አልተነቀለም ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «ሁለቱ ሱቅ ሄደው የትኛው መጋዝ ይሻላል እያሉ ሲነታረኩ፣ እኔ ከሥሩ የተጣጠፈውን ምንጣፍ ሳብ አደረግሁት። ተዘጋ።»