የውጭ ሳምንት

የአባታችን ልብ የቆመው በውጭ ሳምንት ነው።

የሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ጥናት ይዞ ነበር። ሐኪሞች የቆመ ልብ ለማስነሳት ሲታገሉ ቤተሰብ አጠገባቸው ቢቆም ይጽናናል ወይስ ይብሱን ይጎዳል፣ የሚል። አንዱ ሳምንት ቤተሰብ ይገባል፣ ሌላው ሳምንት ውጭ ይቀራል፤ የሚለየው ዕጣ ነው። በሩን የምትዘጋው ደግሞ እዚያ ነርስ የሆነችው ታላቅ እህቴ ነበረች። ስንቱን እያለቀሰ የመጣ ሰው በትህትና መልሳለች። ቤት ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ቁጭ ትልና፣ "ዛሬም አንዲት እናት አንጀቴን በላችው" ትለን ነበር።

አባባን በታክሲ ይዤው ስደርስ በሩ ላይ አገኘኋት። ስታየው ፊቷ አመድ መሰለ። ዋናው ሐኪም ከኋላዋ ብቅ አለ።

"ሲስተር፣ እንደ ልጅ ከሆነ አንቺም ውጭ ነሽ። እንደ ነርስ ከሆነ ግን ቶሎ ጓንትሽን አጥልቂ፤ ሰው አንሶናል።"

ጓንቷን አጠለቀች።

"እትዬ፣ እኔንም አስገቢኝ" አልኳት። "ጥግ ይዤ እቆማለሁ፤ ትንፍሽ አልልም።"

"አይቻልም የኔ ወንድም። ሳምንቱ የውጭ ነው።"

በሩን ዘጋችብኝ። በእርግጫ ልለው ምንም አልቀረኝም፤ ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ከውስጥ አልጋው ሲንቋቋ ይሰማኛል። ደረቱን የምትጫነው እሷ መሆኗን ያወቅሁት ጮክ ብላ ስትቆጥር ነው። አንዴ እንኳ "አባባ" ብላ አልጠራችውም። ቁጥር ብቻ። ከዚያ ቁጥሩም ቆመ።

ወጣችና እንደ ባዳ፣ "የታካሚው ቤተሰብ" አለች። ከኔ በቀር ኮሪደሩ ላይ ማንም አልነበረም።

ከቀብሩ በኋላ አንድ ቤት እየኖርን ተኳረፍን። እሷ ስትገባ እኔ እወጣለሁ። ወራት አለፉ። አንድ ቀን ስልኬ ጠራ። ጥናቱ ውስጥ ለነበረ ቤተሰብ ሁሉ ነርሶቹ እየደወሉ ይጠይቃሉ፤ የኔ ስም የደረሰው ለእህቴ ነበር።

"እንቅልፍ ይወስድዎታል?" አለችኝ። እርስዎ አለችኝ፣ የገዛ እህቴ።

"አይወስደኝም።" ታውቀዋለች፤ የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው።

"በሰዓቱ ገብተው ቢሆን ኖሮ ይሻልዎት ነበር?"

"እሱንማ አንቺ ንገሪኝ" አልኳት። "የገባሽው አንቺ ነሽ።"

ዘግታዋለች ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ ላነሳ ስል ድምጿ መጣ።

"እኔ አልገባሁም" አለች። "የገባችው ነርሷ ናት።"

አባባ ሁለት ልጅ ወልዶ አንዱም አጠገቡ ሳይኖር ሞተ። ይህን የሚጠይቅ ጥያቄ ግን ጥናቱ ውስጥ አልነበረም።